ጌታቸው መኩሪያ

ጌታቸው መኩሪያ (መጋቢት 5 ቀን 1927 – መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የሳክስፎን ተጫዋች ነበር። ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ጥንት ተዋጊዎች በአንደበታቸው ያሰሙት የነበረውን ሽለላ አንዲት ቃል ሳይጨምር በቴነር ሳክስፎን በመጫወቱ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የፊሊፕስ ኩባንያ ያሳተመለትና «የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ» የሚል ስም የተሰጠው ሸክላ ከድምፃዊ ይልቅ በመሣሪያው ጌትነት ላይ የቆመ አልበም ነው። በኢትዮጵያ የሸክላ ዘመን እንዲህ ያለ አልበም እጅግ ጥቂት ነበር።

ትውልድና ልጅነት

ጌታቸው የተወለደው በሰሜን ሸዋ፣ በይፋት ነው። ከልደቱ በኋላ ሰባት ወር ሳይሞላ የፋሺስት ጣሊያን ጦር መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። ስለዚህ የሕፃንነቱ ዓመታት ያለፉት በአምስቱ የወረራ ዓመታት ውስጥ ነው። በሰሜን ሸዋ የኋላው ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች አርበኞች በየተራራውና በየገደሉ እየተዋጉ ነበር። በዚያ ዘመን ፉከራና ሽለላ የሠርግ ማድመቂያ ብቻ አልነበሩም፤ ነገ ወደ ውጊያ የሚሄድ ሰው ዛሬ ማታ የሚያሰማቸው ነበሩ።

የመጀመሪያዎቹ የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ክራርና ማሲንቆ ሲሆኑ፣ ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን የተሸጋገረው ከእነዚህ ቀጥሎ ነው። ይህ ቅደም ተከተል በኋላ ያመጣውን አጨዋወት ለመረዳት ይጠቅማል። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ ያለው፣ በደጋን የሚመታ መሣሪያ ነው። እንደ ጊታር በአንገቱ ላይ የተተከለ የድምፅ ምልክት የለውም። የተጫዋቹ ጣት በክሩ ላይ እየተንሸራተተ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ያልፋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ሲያሻው እንደ ሰው ያለቅሳል። አዝማሪ አንድ ስንኝ ዘፍኖ ዝም ሲል ማሲንቆው ያንኑ ስንኝ ተቀብሎ ይደግመዋል፤ ሰሚውም ቃሉን ከክሩ ላይ የሰማው ያህል ይሰማዋል። ጌታቸው የነሐስ መሣሪያ በእጁ ሲገባ ይዞት የመጣው ይህን ልማድ ነው።

ከማዘጋጃ ቤት እስከ ፖሊስ ኦርኬስትራ

በ1940ዎቹ መባቻ፣ ገና በአፍላ ወጣትነቱ፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ አባል ሆነ። የትንፋሽ መሣሪያዎች ወደ ኢትዮጵያ በብዛት መግባት የጀመሩት ከዓድዋ ድል በኋላ ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች («አርባ ልጆች») ደግሞ የመንግሥት የማርሽ ባንድ ሆነው በዋና ከተማዋ የነሐስ ሙዚቃን አስፋፉ። የልጆቹ አስተማሪ የነበረው የኬቮርክ ናልባንዲያን የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ከነፃነት በኋላ የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ፣ ቀጥሎም የቴአትር ቤቱን ሙዚቀኞች ያሠለጠነ ሰው ነው። ጌታቸው ኖታ ማንበብንና በቡድን መጫወትን በሚጠይቀው በዚህ ዓለም ውስጥ አደገ።

እ.ኤ.አ. በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ለንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ የዘውድ በዓል ሲመረቅ ጌታቸው የቴአትር ቤቱን ኦርኬስትራ ተቀላቀለ። ከአሥር ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻገረ። በዚያን ጊዜ ሙዚቀኛ ማለት በአመዛኙ የመንግሥት ተቀጣሪ ማለት ነበር። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ፣ ምድር ጦርና ማዘጋጃ ቤት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ባንድ ነበራቸው፤ መሣሪያውም የደንብ ልብሱም የመሥሪያ ቤቱ ነበር። ቀን በሰልፍና በመንግሥት በዓል፣ ማታ በመድረክ ይጫወቱ ነበር። አለማየሁ እሸቴና ሂሩት በቀለ ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጡ ድምፃውያን ናቸው። ጌታቸው ሁለቱንም አጅቧል፤ አያሌው መስፍንን ጨምሮ ሌሎችንም አጅቧል።

አጃቢነት ክብር የሌለው ሥራ አልነበረም፤ ስም ግን አያወጣም ነበር። በአገሪቱ ልማድ የሙዚቃ ልቡ ግጥሙ ነው። ሰም ለበስ ስንኝ የሚያወርድ፣ ቅኔ የሚዘርፍ፣ አድማጭን በአንድ ቃል የሚያስቅና የሚያስለቅስ ሰው ይከበራል። በሸክላው ልባስ ላይ ጎልቶ የሚታየው የድምፃዊው ፎቶግራፍና ስም ነበር። ከኋላው የቆሙት ነፊዎች ብዙ ጊዜ በባንዱ የወል ስም ይታለፉ ነበር። ቃል የሌለውን ሙዚቃ ሕዝቡ በጅምላ «ክላሲካል» ይለዋል። በሬዲዮ በሁለት ዝግጅቶች መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ፣ ዜና ከመነበቡ በፊት የሚሰማ ነገር ነበር። ጌታቸው ሊያልፈው የነበረበት ግድግዳ ይህ ነው።

ሽለላ

ሽለላ፣ ቀረርቶና ፉከራ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ድንበራቸውም ከአገር አገር ትንሽ ይለያያል። ፉከራ ወደ ንግግር ያደላል፤ ፎካሪው ዘራፍ ብሎ ተነስቶ የጣለውን ጠላት፣ የወጣበትን ዘር፣ የያዘውን መሣሪያ እየጠራ ይንጎራደዳል። ሽለላ ዜማው ይበልጣል። አውራጁ ስንኙን ከፍ አድርጎ ይጀምርና ትንፋሹ እስኪያልቅ ይጎትተዋል፤ የተሰበሰበው ሰው በአጭር ድምፅ ይቀበለዋል፤ ማሲንቆ ካለም ከሥር እየተሳበ ይከተላል። ዜማው በምት አይታሰርም። የሚለካው በሰውየው ሳንባ ነው።

ይህ ከሸዋ እስከ ጎጃም፣ ከወሎ እስከ በጌምድር ደጋ የጋራ ሀብት ነው። ደብረ ታቦር የአፄ ቴዎድሮስ መናገሻ በነበረችበትና በአጠገቧ ባለችው ጋፋት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በተሠራበት ዘመን ጦር ያለ አዝማሪ አይዘምትም ነበር። አዝማሪው ሰልፈኛውን ያበረታታል፤ የፈራውን ያሳፍራል፤ ከውጊያ በኋላም ማን እንደ ጀገነ ማን እንደ ሸሸ የሚመሰክረው እሱ ነው። ጦርነት ከቀረ በኋላም ልማዱ አልቀረም። በደብረ ታቦር፣ በጋይንት፣ በእስቴና በፎገራ አካባቢ በሠርግ፣ በደቦ አጨዳና በውቂያ፣ በታላቅ ሰው ሐዘንም ሽለላና ቀረርቶ ይሰማል። የሰሜን ሸዋም እንደዚሁ ነው፤ ጌታቸው ሽለላን ከውጭ ሆኖ አልተማረውም።

በአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች ሽለላ ወደ መድረክ ወጣ። ሸላዩ በአርበኛ ልብስ እየተንጎራደደ ሲያወርድ ባንዱ ከኋላ ያጅበው ነበር። ጌታቸው ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ሸላዩን አስወጥቶ ቦታውን ለሳክስፎን ሰጠ። ሲሠራ ግን ቀላል አይደለም። ሳክስፎን ድምፆቹ በቁልፍ የተከፋፈሉ መሣሪያ ነው፤ ሽለላ ደግሞ በቁልፎቹ መካከል ባለው ቦታ የሚኖር ዜማ ነው። ጌታቸው በከንፈሩና በትንፋሹ ሸምበቆውን እያጠበቀና እያላላ ድምፁን አጎበጠው፤ እንደ ማሲንቆ ክር አንሸራተተው፤ በሰፊው አንቀጠቀጠው፤ አንዳንዴም ጉሮሮ እንደ ዘጋው ፎካሪ አሻከረው። ሐረጎቹ እንደ ስንኝ ይጀምራሉ፤ ከፍ ብለው ይቆያሉ፤ ከዚያ እንደ ደረጃ ይወርዳሉ። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሲያዳምጥ የስንኙ ቤት መድፊያ የት እንደሚወድቅ ይሰማዋል፤ ቃሉ ግን የለም።

በመድረክ ላይም ነገሩን በዋዛ አልያዘውም። ከአንበሳ ጎፈር የተሠራ የራስ ልብስ ደፍቶ፣ የተዋጊ ለምድ ደርቦ ይቀርብ ነበር። ለቱሪስት የተዘጋጀ ትርኢት አድርጎ ማየት ይቻላል። ነገር ግን ጎፈርና ለምድ የጀግና ሽልማት ናቸው፤ ማንም እንዲሁ አይለብሳቸውም። ሳክስፎን ይዞ ያን ልብስ የለበሰ ሰው መሣሪያው ራሱ ሸላይ ነው እያለ ነበር።

ከኢትዮጵያ ውጭ ያሉ የጃዝ ጸሐፊዎች ይህን አጨዋወት ሲሰሙ እንደ ኦርኔት ኮልማንና አልበርት አይለር ካሉ የአሜሪካ የነፃ ጃዝ ሰዎች ጋር አነጻጽረውታል። መመሳሰሉ ለጆሮ እውነት ነው፤ ጩኸቱ፣ ከምት መላቀቁ፣ የድምፁ መሻከር ሁሉ አለ። ምንጩ ግን ሌላ ነው። አሜሪካውያኑ ከተማሩት የጃዝ ሕግ ለመውጣት ሲታገሉ ጌታቸው ከማንም ሕግ አልወጣም፤ ከእሱ በፊት የነበረ የአገሩን ሕግ ተከተለ። ከእነሱ የተማረ አድርጎ ማቅረብ ታሪኩን መገልበጥ ነው።

አልበሙ

ሸክላው እንዲወጣ የንግድ በር መከፈት ነበረበት። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለረጅም ጊዜ በአዋጅ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ይህን ክልከላ ጥሶ የራሱን የሸክላ ድርጅት ሲጀምር ሌሎችም ተከተሉት። የፊሊፕስ የኢትዮጵያ ቅርንጫፍ አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የአዲስ አበባ ዘመናዊ ሙዚቃ አብዛኛው ክፍል በሸክላ ላይ ተቀረጸ። አብዛኞቹ ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎች ነበሩ፤ በአንዱ ገጽ አንድ ዘፈን፣ በሌላው ገጽ ሌላ። ረጅም ሸክላ ውድ ስለነበር ጥቂት ድምፃውያን ብቻ ያገኙት ነበር። ለአንድ ሳክስፎን ነፊ ረጅም ሸክላ ማሳተም ለኩባንያው ድፍረት፣ ለነፊው ደግሞ ያልተለመደ ማዕረግ ነበር።

በሸክላው ላይ ሳክስፎኑ ድምፃዊው የሚቆምበትን ቦታ ይዟል። በ«ሽለላ» አጃቢዎቹ አንዲት አጭር ሐረግ እየደጋገሙ እንደ ተቀባይ ሕዝብ ይቆማሉ፤ ጌታቸው ከላያቸው ሆኖ ያለ ምት ያወርዳል። ሁለቱ ፍጥነቶች አይገናኙም። እንዳይገናኙም ሆን ተብሎ የተተወ ነው፤ ከሥር የሚረግጥ እግር፣ ከላይ የሚጮህ አፍ። ይህን ሥራ የሰማ ሰው የቀረውን አልበም ባይሰማ እንኳ የጌታቸውን ሐሳብ ያገኘዋል።

በአልበሙና በኋላ በሲዲ በተሰበሰቡት ሥራዎቹ ውስጥ ሽለላ ብቻ አይደለም ያለው። «አምባሰል» እና «አንቺ ሆዬ» ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች የሁለቱን ስም የያዙ ናቸው። ሌሎቹ ሁለቱ ትዝታና ባቲ ናቸው። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፆች አሉት፤ ልዩነቱ በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። «አንቺ ሆዬ» ለባዕድ ጆሮ ያልተስተካከለ የሚመስለው በዚህ ርቀት ምክንያት ነው፤ ጌታቸው ደግሞ ያንን ሻካራነት አያለሰልሰውም፤ ይገፋበታል። «አካሌ ውቤ»፣ «አልማዝ የሐረሯ» እና «አሃ ገዳዎ» ሕዝቡ የሚያውቃቸው ዜማዎች ናቸው። አድማጭ ግጥሙን በልቡ ስለሚያውቀው ሳክስፎኑ ሲጫወት ቃሉን ራሱ ይሞላዋል። አልበሙ ያለ ዘፋኝ መቆም የቻለበት አንዱ ምስጢር ይህ ይመስላል፤ ግጥሙን አላጠፋውም፣ ለአድማጩ አስረከበው።

በዚያው ዘመን በሮክ ዓለምም ተመሳሳይ ነገር ይካሄድ ነበር። ከድምፃዊ ጎን ቆመው ስም ያተረፉ ጊታሪስቶች ድምፃዊ የሌለበት የራሳቸውን አልበም ማውጣት ጀምረው ነበር። የእንግሊዛዊው ጄፍ ቤክ «ብሎው ባይ ብሎው» እ.ኤ.አ. በ1975 ወጥቶ በአሜሪካ ሽያጭ ከፍተኛ ደረጃ ከደረሱት አልበሞች መካከል ገባ። የጌታቸው ሸክላ ከዚህ በጥቂት ዓመታት ይቀድማል። ጄፍ ቤክ ግን ትልቅ ገበያና የዓለም ዙሪያ ጉዞ ነበረው፤ ጌታቸው ግን ከሸክላው በኋላም የኦርኬስትራ ደመወዝተኛ ሆኖ ቀጠለ።

ከሸክላ በኋላ

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። የሰዓት እላፊ አዋጅ የምሽት ክበቦችን ሥራ አዳከመ፤ ሸክላ ማሳተምም በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሞ ካሴት ተተካ። ብዙ የነሐስ ክፍሎች በኤሌክትሪክ ኦርጋን ተተኩ፤ አንድ ሰው የአራት ነፊዎችን ሥራ ይሠራ ስለነበር ለአሳታሚው ርካሽ ነበር። አለማየሁ እሸቴን የመሳሰሉ ድምፃውያን በካሴት ሥራቸውን ሲቀጥሉ ቃል ለማይናገር ሳክስፎን ገበያው ጠበበ። ጌታቸው ከተለያዩ ባንዶች ጋር መጫወቱን አላቋረጠም፤ ስሙ ግን ሸክላውን ካስታወሱት ሰዎች ዘንድ ውጭ እምብዛም አይነሳም ነበር።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በቡዳ ሙዚክ ኩባንያ በኩል «ኤቲዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ የሲዲ ስብስብ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ማሳተም ሲጀምር የዚያ ዘመን ሸክላዎች እንደገና ተሰሙ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው 14ኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ ለጌታቸው የተሰጠ ነው። ከተከታታዩ ቅጾች ብዙዎቹ ለድምፃውያን ወይም ለብዙ አርቲስቶች በጋራ ሲሰጡ አንድ ነፊ ብቻውን ቅጽ ማግኘቱ የሚታወስ ነው።

ከዘ ኤክስ ጋር

ዘ ኤክስ እ.ኤ.አ. በ1979 በአምስተርዳም የተመሠረተ የፓንክ ሮክ ባንድ ነው። የሚታወቀውም በጊታሪስቶቹ ቴሪ ሄሰልስና አንዲ ሙር ሻካራ፣ ከበሮ መሰል አመታት ነው። አባላቱ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ይወዱ ስለነበር ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ተጫውተዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የባንዱ 25ኛ ዓመት ሲከበር ጌታቸውን ወደ አምስተርዳም ጋበዙት። ሰባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ሰው ሲሰማቸው አጃቢ ባንዱ እንዲሆኑ የጠየቃቸው እሱ ራሱ ነው።

ምርጫው ብዙዎችን አስገረመ። ዕድሜው የገፋ የፖሊስ ኦርኬስትራ ሰው ከጃዝ ባንድ ጋር ቢሰለፍ የሚጠበቅ ነበር። ከሽለላ አንጻር ሲታይ ግን ግራ የሚያጋባ አይደለም። ሽለላ ለስላሳ አጃቢ አይፈልግም። አንድ ሐረግ እየደጋገመ ሳይታክት የሚረግጥ፣ ሸላዩ ሲጮህ የማይደነግጥ ቡድን ያስፈልገዋል። የዘ ኤክስ ጊታሮች የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር። በመድረክ ላይ በዕድሜ የሚያንሱት ሙዚቀኞች ከኋላው ተደርድረው ሲቀበሉት፣ በእርግጥም አውራጅና ተቀባይ ይመስሉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አብረው አወጡ። የድሮ ሸክላው ላይ ካሉት ዜማዎች አንዳንዶቹ በዚህ አልበም በጊታር ጩኸት ታጅበው ተመለሱ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከተሞች ተዘዋወሩ፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2008 በኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር የውጭ መድረክ ላይ ተጫወቱ። በዚያው ምሽት ማሕሙድ አህመድና አለማየሁ እሸቴም ቀርበው ነበር። ጌታቸው በወጣትነቱ ከኋላ ሆኖ ያጀበው አለማየሁና እሱ በዚያ መድረክ በየራሳቸው ስም ነበር የተጠሩት። እ.ኤ.አ. በ2012 «የአንበሳው ትዝታ» የተባለ ሁለተኛ አልበም ከዘ ኤክስ ጋር ወጣ፤ የመጨረሻውም እሱ ሆነ።

በፓሪስ የሚገኝ የኢትዮጵያን ሙዚቃ የሚጫወት ባንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲመሠረት «አካሌ ውቤ» የሚለውን ስም የወሰደው ከጌታቸው ቅጂ ነው። አባላቱ ፈረንሳውያን ናቸው። ይኸው ባንድ በኋላ ከድምፃዊውና ከፒያኖ ተጫዋቹ ግርማ በየነ ጋር ሠርቷል።

ጌታቸው መኩሪያ መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በ81 ዓመቱ አረፈ።